እማዋይሽና የፊታውራሪው ሰንጠረዥ

ተረት ተረት።

የላም በረት፣ ንገሪን አያት።

ጎሽ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ ጥግ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። እንግዲህ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዙ ማዶ ባለው አገር፣ ፊታውራሪ ወሰኔ የሚባሉ ባላባት ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ደግም አልነበሩም። ሰንጠረዥ ወዳድ ነበሩ። ምሳቸውን ትተው ይጫወታሉ። ዳኝነት አቋርጠው ይጫወታሉ። የሰንጠረዡ ጨርቅ ቀይ ነው፤ በጥቁር መስመር ተከፋፍሎ ስድሳ አራት ቤት ወጥቶለታል። በዚህም በዚያም ጫፍ አንድ አንድ ንጉሥ ከነሠራዊቱ ይቆማል። ፈረስ አለ፣ ግንብ አለ፣ ፊት ፊቱን ብቻ የሚሄድ እግረኛ አለ። የጠላቱን ንጉሥ ከቦ መውጫ ያሳጣ እሱ አሸነፈ። በዚያ አገር ፊታውራሪን ያሸነፈ ሰው አልነበረም።

በቤታቸው እማዋይሽ የምትባል ጠጅ ጣይ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅም የላት። ያላት ታናሽ ወንድሟ ደምለው ብቻ ነው። ይህ ደምለው አንድ ቀን የፊታውራሪን በቅሎ ወንዝ ሲያሻግር ደራሽ ውሃ መጣና በቅሎዋን ወሰዳት። እሱ ተረፈ። ፊታውራሪም ተቆጡና እግሩን በብረት አሰሩት። ክረምት መጣ፣ ክረምት ወጣ፣ የሚፈታው ጠፋ።

የመስቀል ማግሥት ፊታውራሪ አንዱን ትልቅ ሰው አሸንፈው ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል። እማዋይሽ የያዘችውን ብርሌ አስቀመጠችና እግራቸው ላይ ወደቀች።

፦ ጌታዬ፣ ወንድሜን ይማሩልኝ።

ፊታውራሪ ወደ ጨርቁ አዩ፤ ወደ እሷም አዩ።

፦ እዚህ ጨርቅ ላይ ካሸነፍሽኝ ይዘሽው ሂጂ፤ አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ተነሣችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሳቁ ቆመ። ጠጅ ጣይ ከፊታውራሪ ፊት ስትቀመጥ ታይቶ አይታወቅማ። ጠጅ ስትቀዳ እያየች ፈረሱ በምን እንደሚዘል፣ ግንቡ በምን እንደሚሄድ ታውቃለች። ሌላ የምታውቀው የለም። ብርሌው ሳይጋመስ ንጉሧ ተያዘ።

፦ ደፋር ነሽ፤ አሉ ፊታውራሪ። ሁለት ጊዜ እጨምርልሻለሁ። በየዓመቱ በዛሬዋ ቀን ነይ። በሦስተኛው ከተሸነፍሽ ግን የደምለውን ስም ፊቴ እንዳታነሺ።

ከዚያም እማዋይሽ ወጣችና በቀጥታ ወደ መሪጌታ ፈንታ ሄደች። መሪጌታ ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመናቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ ይኖራሉ። በወጣትነታቸው በቀድሞው ገዥ ግቢ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ሽማግሌዎች ያወሩላቸዋል።

፦ የኔታ፣ ሰንጠረዥ ያስተምሩኝ፤ አለች።

፦ ዓይኔ አያይም፣ ልጄ።

፦ እኔ አይልዎታለሁ።

ሽማግሌው መሬቱን ጥረጊ አሏት። ጠረገች። ስድሳ አራት ቤት ጫሪ አሏት። ጫረች። በዚህ በኩል ጠጠር፣ በዚያ በኩል ባቄላ አስደረደሯት።

፦ ይህ የአንበጣው ዓመት ጨዋታ ነው፤ አሉ። እኔ በጠጠሩ ነበርሁ።

ከዚያም ይነግሯት ጀመር። ይኼን እዚህ አድርጊ፣ ያንን ወዲያ አድርጊ እያሉ፣ ከአርባ ዓመት በፊት የተጫወቱትን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስኬዱት። አንዲት ጠጠር አልሳቱም። ንጉሡ ባለበት ቤት ጣታቸውን ሰደዱና ያለ ዳበሳ አገኙት።

፦ የኔታ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ያዙት?

፦ ዜማውን በቃሌ ይዤ የለም? ይኼም እንደዚያው ነው። እዚህ የሳተ እዚያ ይሰበራል።

እንዲህ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ውሃቸውን ቀድታላቸው ትማራለች። ጨዋታውን መሐል ላይ ያቆሙና፦ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? ይሏታል። ትመልሳለች። ለምን? ይሏታል። ለምኑን ካላወቀች ጠጠሩን አስነሥተው እንደገና ያስጀምሯታል። ስንት ቀን እያለቀሰች ሄደች መሰላችሁ።

ዓመቱ ዞረ። ተቀመጠች። ይህን ጊዜ ቶሎ አልወደቀችም። ሰውም መጥቶ ከበበ። መሐል ላይ የፊታውራሪ ግንብ ጠባቂ የሌለው ሆኖ አገኘችው። ልቧ ዘለለና በላችው። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ እንኳ አልተራመደችም፤ ንጉሧ ተያዘ።

በመሪጌታ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጣ አለቀሰች። አላባበሏትም።

፦ ጨዋታውን ንገሪኝ፤ አሏት።

፦ ተሸንፌ ምኑን ልንገርዎት?

፦ እኔን ያስተማሩኝ የተሸነፍሁባቸው ናቸው። ጀምሪ።

ጀመረች። ስትናገር ጊዜ ለካ ሁሉም በልቧ ተቀምጧል፤ አንዱም አልጠፋባት። ግንቡ ጋ ስትደርስ አስቆሟት።

፦ ለምን በላሽው?

፦ ባዶውን ቆሞ አገኘሁት።

፦ ማን አቆመው?

፦ ፊታውራሪ ናቸዋ።

፦ ጠላትሽ ሲሰጥሽ፣ ከመብላትሽ በፊት ምን እንደሚወስድብሽ እዪ፤ አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠጅ ስትቀዳ ዓይኗ ከጨርቁ አልተነሣም። ፊታውራሪ ከማንም ጋር የተጫወቱትን በልቧ ይዛ ታድራለች፤ ጠዋት ለመሪጌታ ታስኬድላቸዋለች። ሁለቱ ሆነው ያንን ጨዋታ ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። መቶ ጨዋታ ያህል እንዲህ ካዩ በኋላ አንድ ነገር አገኙ።

በዚያ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም በየፊናቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ እጃቸው ይሮጣል። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ነው፤ ከተበላ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ፊታውራሪም በወረራው ፈረሶቻቸውንና ግንቦቻቸውን አስቀድመው ይልካሉ። ንጉሣቸውን የሚያጥሩት በመጨረሻ ነው። ሁልጊዜ በመጨረሻ።

የሦስተኛው ጨዋታ ቀን ሊደርስ ሲል እማዋይሽ ለወንድሟ ስንቅ ይዛ ሄደች። ደምለው ከስቷል።

፦ እትዬ፣ ተይው። ለኔ ብለሽ እንጀራሽን እንዳታጪ፤ አላት።

፦ ዝም ብለህ ብላ፤ አለችው።

የመስቀል ማግሥት ሆነ። አገሩ ሁሉ መጣ። መሪጌታም በሰው እጅ ተመርተው መጡና በግቢው ካለው የዛፍ ግንድ ሥር ተቀመጡ። ወረራው ተጀመረ። የፊታውራሪ እጅ ይበራል። እማዋይሽ አምስት ጊዜ ብቻ አንቀሳቀሰችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ፈራች፣ ፈራች ተባለ። ፊታውራሪ ግንባቸውን አወጡ፣ ፈረሳቸውን አወጡ፣ ሊያጥሩም እጃቸውን ሰደዱ። ይህን ጊዜ እማዋይሽ እግረኛቸውን በላች።

የፊታውራሪ እጅ አየር ላይ ቀረ።

፦ ተራው የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ፤ አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ እነሱ ይጫወታሉ። የእማዋይሽ ፈረስ አንዲት ቤት ላይ አረፈና በአንድ ጊዜ ንጉሡንም ግንቡንም አየ። ንጉሡ ሸሸ፤ ግንቡ ተበላ። ፊታውራሪ አሰቡ፣ አሰቡና ፈረሳቸውን ባዶ ቤት ላይ አቆሙላት። ብይው የሚል ይመስላል። እማዋይሽ ፈረሱን አየች፤ በስተጀርባው የተከፈተውንም መንገድ አየች። አልነካችውም። ፊታውራሪ በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ንጉሣቸው ወደ ጥግ ሄደ። ከዚያም እማዋይሽ አንድ እግረኛ አንሥታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋች።

ንጉሡ መውጫ አጣ። ተያዘ! አለ አገሩ ሁሉ።

፦ በምን ተያዘ? አሉ መሪጌታ ከግንዱ ሥር።

፦ በእግረኛ፣ የኔታ።

በፈረስ የያዘ አሸነፈ ይባላል። በግንብ የያዘም አሸነፈ ይባላል። በእግረኛ የያዘ ግን በዘመን አንዴ ይታያል። ሽማግሌው በበትራቸው ተደግፈው ቆሙና ወደ እሷ ድምፅ እጅ ነሡ።

ፊታውራሪ አልተቆጡም። ጨርቁን ሲያዩ ቆዩ።

፦ እኔ የተሸነፍሁት መቼ ነው? ብለው ጠየቋት።

፦ ወረራው ላይ፣ ጌታዬ። አጥሩን የሚያጥሩት በመጨረሻ ነው።

፦ ይህን ማን ነገረሽ?

፦ የእርስዎ ጨዋታዎች። ሁሉም በልቤ አሉ።

አላመኑም። ያለፈውን ዓመት የጥምቀት ጨዋታዬን እስቲ አሳዪኝ አሏት። እማዋይሽ ሁሉንም ወደ ቤቱ መለሰችና አስኬደችው። ያን ቀን ያወጡትን ፈረስ፣ ያን ቀን የሰጡትን እግረኛ፣ እሳቸው ራሳቸው የረሱትን ሁሉ ሠራችው። ፊታውራሪ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ስትጨርስም እንዲህ አሉ፦

፦ እኔ ሃያ ዓመት ተጫወትሁ። ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ፍቱት ሰውየውን።

ብረቱ ተቀጠቀጠና ወለቀ። ደምለው ደጃፍ ላይ ብቅ አለ። መንገዱ ባዶ ነው፣ እግሩም ነፃ ነው። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በብረቱ ልክ ነበር የሚራመደውና እግሩ ሰፋ አድርጎ መርገጥ ረስቷል። ስንዝር ስንዝር እያለ መጣ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

እማዋይሽ ሮጣ ሄደች። ና ፍጠን አላለችውም። ክንዱን ያዘችና እሷም እርምጃዋን አሳጠረች፤ ስንዝር ስንዝር እያሉ ጎን ለጎን ሄዱ። ሲያልፉ የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ። ፊታውራሪም ተነሡ። ወንዙ ጋ እስኪደርሱ ድረስም አንድ ሰው አልተቀመጠም።

ተረቴን መልሱ፣ ዳቦውን ቁረሱ፤ ጥርስ ለሌላት አያታችሁም ለስላሳውን አድርሱ።