ከኋላ እየመጣች ነው

አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ይትባረክ፣ ሚስቲቱ ሳምራዊት ይባላሉ። በተጋቡ በስምንተኛው ዓመት ቤታቸው ዝም አለ። ጠብ የለም፣ ስድብ የለም፣ ጨዋታም የለም። ጎረቤቱ ሁሉ “እንዴት ያሉ ሰላማውያን ናቸው!” ይላል። ጎረቤት ምን ያውቃል!

አንድ ቀን ይትባረክ ዘዴ መጣለት። “በብስክሌት አፋር በረሃ እንውረድ፤ የደረስንበት ድንኳን እየተከልን አንድ ወር እንቆይ” አለ። ሳምራዊት ብዙ አሰበችና “እሺ። ግን እወቀው፣ ይሄ ጉዞ ካላቀራረበን እኔ ከዚህ በላይ አልችልም” አለችው። እሱ የጎማውን ንፋስ እየለካ ስለነበር “አይዞሽ፣ ትወጂዋለሽ” ብሎ አለፈው።

በረሃው ሰፊ ነው፤ ይትባረክ ደግሞ ጉልበተኛ። ገና ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑን አጣጥፎ ይነሳል፣ ከዚያ መንዳት ብቻ ነው። እሷ የሱን አቧራ እያየች ትከተላለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀርባው ይታያት ነበር፤ በኋላ አቧራውም ጠፋ። አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ጋ ስትደርስ “ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳን ታውቂያለሽ?” ይላታል። “አላውቅም” ትላለች። ሃያ ቀን እንዲህ አለፈ። ሰው በሌለበት አገር ብቻ መሆን ያለ ነው። ባል እያለሽ ብቻሽን መሆን ግን እንዴት ያንገበግባል!

በሃያ አንደኛው ቀን የይትባረክን ጎማ እሾህ ወጋው፤ ያውም ሦስት ቦታ። አንድ ግራር ሥር ተቀምጦ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ፣ ደግሞ ሲለጥፍ ሦስት ሰዓት ፈጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ “ሚስቴ ምነው ዘገየች?” አላለም። ያሳሰበው ጎማው ነበር።

ካዳፎ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ሁለት ግመል እየሳቡ ከኋላው ደረሱበት። በአፋር አገር መንገደኛ መንገደኛን ዝም ብሎ አያልፍም። ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ የሌላውንም እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ይህን ልማድ ዳጉ ይሉታል። በዳጉ ላይ ሳያረጋግጡ መናገር ትልቅ ነውር ነው፤ ሰው በዚያ ወሬ ተማምኖ ውሃ ፍለጋ ይሄዳልና።

ሽማግሌው ዱላቸውን አጋድመው ተቀመጡ።

“ምን አየህ? ምን ሰማህ?”

“በሃያ ቀን ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነዳን፣ አባቴ።”

“ጎበዝ። ቤተሰብህስ?”

“ባለቤቴ ደህና ናት፤ ከኋላ እየመጣች ነው።”

ሽማግሌው እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ በተራቸው እንዲህ አሉ፦

“ከታች ያለው ጉድጓድ ውሃ አለው። በምሥራቅ በኩል ዝናብ ጥሏል። ጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ግራ ጉልበቷ ካበጠ አራት ቀኑ ነው፤ እዚያ የደረሰችው ብስክሌቱን እየገፋች ነው። ዐምና ጽንስ ወርዶባታል። ያን ጊዜ ባሏ እንዴት ነሽ ሳይላት ብስክሌት ገዛላት። የጨው መኪና ካገኘሁ ተሳፍሬ እመለሳለሁ ብላለች። ያየሁትና የሰማሁት ይህ ነው።”

ይትባረክ ክው አለ።

“ይህን ሁሉ ለማታውቀው ሰው? ለእኔ እኮ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም!”

“ጠየቅኋት። እስክትጨርስ ዝም አልኩ። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።”

“ሐዘኗን እንዳልቀሰቅስባት ፈርቼ ነው እንጂ…”

“መፍራት ያለ ነው፣ ልጄ። ግን ደህና ናት አልከኝ። ሳታይ ተናገርክ። በል ተነስ፣ ሂድ።”

ይትባረክ የለጠፈው ሳይደርቅለት ወደ ኋላ ነዳ። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ወደ ኋላ ሲነዳ የመጀመሪያው ነበር። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ የጨው መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። የሳምራዊት ብስክሌት ከጭነቱ ላይ ታስሯል፤ እሷ ጋቢና ውስጥ ናት። እያለከለከ በሩን ያዘ።

“ሳምሪዬ፣ እንዴት ነሽ? ንገሪኝ፤ ሁሉንም ልስማ።”

ሳምራዊት ትክ ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እሱን ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

“ዛሬ ጠዋት ጠይቀኸኝ ቢሆን እያለቀስኩ እነግርህ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ላንተ ያስቀመጥኩት ነገር ነው። አሁን ግን ለሌላ ሰው አውጥቼው ቀለለኝ። እንደገና ልጀምረው ብል አቅም የለኝም፣ ይትባረክ።”

“እህቴ፣ እንሂድ?” አለ ሹፌሩ።

“እንሂድ” አለች።

መኪናው ሄደ። ይትባረክ አቧራው እስኪረግብ ቆሞ አየ። ከዚያ ለሁለት ሰው የተገዛውን ድንኳን ብቻውን ተከለ። የሆነውን የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ኋላ ታረቁ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ በአንድ መንገድ መሄድ አብሮ መሄድ አይደለም። የምንወደውን ሰው ሐዘን ፈርተን ዝም ስንል፣ እሱ ዝምታችንን እንደ ግድየለሽነት ይቆጥረዋል። ልብ ደግሞ የሚሰማው ሲያጣ ለአላፊ አግዳሚው ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሮጠን ብንደርስ የምናገኘው ባዶውን ነው። አባቶች ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ የሚሉት ወደው አይደለም።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ ቤት ያለው ሰው እንዴት ነው? “ደህና ነው” ለማለት አትቸኩሉ። ጠይቃችሁታል?