የኔታ ሣህሉና የተዘቀዘቀው ፊደል

ተረት ተረት!

የመሠረት!

ከወዲያ ጥግ ያላችሁት አልሰማኋችሁም። ተረት ተረት!

የላም በረት!

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትንሿን መሐል አስገቧት። ቀኑን በሰላም ያስመሸን አምላክ ማታውንም ይጠብቀን።

በድሮ ዘመን፣ እሳት የጠፋበት ሰው ከጎረቤቱ ፍም ጭሮ በሚወስድበት ዘመን፣ አንድ አስተማሪ ነበሩ። የኔታ ሣህሉ ይባላሉ። ሚስት የላቸውም፤ ልጅ የላቸውም፤ ርስትም የላቸውም። ያላቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ አንዲት ጎጆ ናት። ከጎጆዋ ደጅ አንዲት ወይራ አለች። ከወይራዋ ሥር ደግሞ የመንደሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። ወላጆች በየተራ ምግባቸውን ያመጡላቸዋል፤ እሳቸውም ልጆቹን ፊደል ያስቆጥራሉ።

ያ የማለዳ ድምፅ! ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሲሉ ድምፃቸው ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች እንስራቸውን እየሞሉ አብረው ይላሉ። ፊደሉን አያውቁትም፤ ዜማውን ግን ያውቁታል። ገበሬው ማሳው ላይ ሆኖ ድምፁ የዘገየበት እንደሆነ፦ «ምነው፣ ዛሬ የኔታን አመማቸው እንዴ?» ይላል። ያ መንደር ነጋ የሚባለው በዚያ ድምፅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የኔታ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡና አገሩን ጭጋግ ሸፍኖት አገኙት። ይገፈፋል ብለው ጠበቁ። ረፋዱ ላይም አልተገፈፈም። በማግሥቱም አለ። ለካስ ጭጋጉ አገሩ ላይ አልነበረም፤ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶ ኖሯል። ከዚያም የልጆቹ ፊት ጠፋ። ቀጥሎ የወይራዋ ግንድ ጠፋ። በመጨረሻም ቀንና ሌሊቱን የሚለዩት በፀሐይ ሙቀትና በወፍ ድምፅ ሆነ።

የኔታ ለማንም አልተናገሩም፤ ፈሩ። «ዓይን የሌለው ሰው ፊደል ያስቆጥራል ቢባል ማን ያምናል? ከዚህች ወይራ ሥር ካስነሱኝ ወዴት እገባለሁ? የእነዚህን ልጆች ድምፅ ሳልሰማ የዋልሁት ቀን ምኑ ቀን ይባላል?» ይላሉ በልባቸው። መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል። ዳዊቱ በቃላቸው ነው። ልጆቹን በድምፃቸው ይለያሉ።

ሲያስቆጥሩም እንዲህ ነበር። ልጁ የፊደል ገበታውን ጉልበቱ ላይ ያኖራል። በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ይወርዳል። የኔታም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከሳተ፦ «ተመለስ!» ይላሉ። ካልሳተ፦ «ይባርክህ!» ይላሉ። ታዲያ ዓይን ለምን ይፈለጋል? ማንም አላወቀባቸውም።

በዚያ መንደር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟ ድንቄ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ፊደል ልቁጠር ስትል ይሳቅባት ነበር። ጎረቤቶቿም፦

«ምነው ማንጠግቦሽ፣ ድንቄን ቅስና ልታስገቢያት ነው?» እያሉ ያሾፉባታል።

እሷም፦ «እኔ ሌላው ሲያነብ ቆሜ ስሰማ ኖርሁ። እሷ ደግሞ ተቀምጣ ታንብብ፤ እናንተን ምን ቸገራችሁ?» ትላለች።

አንድ ቀን ምግብ የማድረሱ ተራ የማንጠግቦሽ ሆነ። ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ወይራዋ መጣች። ስትደርስ የምትቆጥረው ድንቄ ናት። እንደ ጅረት ትወርደዋለች፤ አንዲት አትስትም። እናቷ ደስ ብሏት እልል ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያም ገበታውን አየችውና አፏን መልሳ ያዘች።

ማንጠግቦሽ ፊደል አታውቅም። ግን በገበታው አናት ላይ ቀይ መስቀል እንዳለ ታውቃለች፤ ልጇ ትምህርት የጀመረች ዕለት ተሳልማዋለቻ። አሁን ያ መስቀል ታች ነው። ልጂቱ ገበታውን ዘቅዝቃ ይዛዋለች። ስንደዶው ዝም ብሎ ይሄዳል። ዓይኗ ያለው ወይራዋ ላይ ካለችው ወፍ ነው። አፏ ብቻ ይቆጥራል።

የኔታም፦ «ይባርክሽ ልጄ! ዛሬስ ጥርት አደረግሽው!» አሉ።

ማንጠግቦሽ ልጆቹ እስኪበተኑ ጠበቀች። ከዚያም ቀረብ ብላ፦

«የኔታ፣ ይቺን ዳቦ ይቀበሉኝ» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ዳቦው በስተቀኛቸው ነው፤ እሳቸው የዘረጉት በስተግራ። እሷም እጃቸውን ቀስ ብላ ይዛ ዳቦው ላይ አኖረችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የኔታ?» አለች።

«ካለፈው ክረምት» አሉ። «ማንጠግቦሽ፣ ለሰው ትናገሪብኛለሽ?»

«እኔ የሰው ገመና አላወጣም። ግን የኔታ፣ ልጄ ፊደሉን ዘቅዝቃ ይዛ ነው የቆጠረችልዎ። እርስዎ አላዩም፤ ይሁን፣ የእግዜር ሥራ ነው። እሷ ግን ዓይን አላት። እሷስ ለምን አላየችም?»

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ለማንም አልተናገረችም።

ያቺ ቃል ግን የኔታን ከበትር በላይ መታቻቸው። ዳቦውን ሳይቆርሱት መሸ። ወደ መቅደሱ ዞረው፦ «ጌታዬ፣ እኔ ዜማ ሳስተምር ኖሬያለሁ እንጂ ፊደልስ አላስተማርሁም። ዓይኔ ደኅና ሳለም የማየው ስንደዶውን ነበር። የልጁ ዓይን የት እንዳለ አይቼ አላውቅም» አሉ። ዝም ብለው ቢቀጥሉ ጎጆዋም ወይራዋም አሉላቸው። ልጆቹ ግን ፊደል ሳያውቁ ያድጋሉ፤ የሚተርፋቸው ዜማው ብቻ ነው። ይህ ታሰባቸው።

ሲነጋ ልጆቹ ተሰብስበው «ሀ ሁ» ብለው ሲጀምሩ፣ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ዛሬ ዜማ የለም» አሉ። «ልጆቼ፣ እኔ ዓይኔ ጠፍቷል። አላያችሁም። ደብቄያችሁ ኖርሁ።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ቀልደኛ፦

«ታዲያ ትናንት ስንደዶውን አፍንጫዬ ውስጥ ስሰካ እንዴት አወቁብኝ?» አለ።

«ጓደኞችህ ሲስቁብህ ሰምቼ ነዋ! ደግሞም በአፍንጫህ ነበር የምትቆጥረው!»

ይሄኔ ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያም፦

«ድንቄ፣ ነይ። መጀመሪያይቱ ፊደል ምን ትመስላለች?» አሉ።

«ሀ ናት።»

«ስሟን አልጠየቅሁሽም። መልኳን ንገሪኝ።»

ድንቄ ገበታውን አየችው። አገላበጠችው። መስቀሉን ወደ ላይ አድርጋ ቀና አደረገችው። ከዚያም የፊደሏን ቅርጽ በስንደዶው ተከተለች። የኔታም አልቸኮሉም፤ ጠበቋት።

«የበሬ ቀንድ ትመስላለች የኔታ» አለች በመጨረሻ። «ወደ ሰማይ የቆመ።»

«ይባርክሽ! አየኋት። ከሥሯ ያለችውስ?»

«እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው። ራስ የለውም።»

«የማንን እግር ይመስላል?»

«የጭቃ ሹም አውላቸውን!» አለ ያ ቀልደኛ። የመንደሩ ሹም እግሩ እንደ ቀስት የጎበጠ ነበርና ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወይራዋ ሥር ሌላ ድምፅ ሆነ። «መ ሁለት ቅል ናት!» «ጠ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ናት!» «ኧረ አይደለችም፤ በር ላይ የቆመ ሰው ናት!» እየተባባሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። የኔታም፦ «እስቲ ደኅና አድርጋችሁ እዩልኝ» ይላሉ። ልጆቹ ለየኔታ ብለው ያያሉ፤ አይተውም ይነግሯቸዋል፤ የነገሩትን ደግሞ አይረሱትም።

ወንዝ የወረዱት ሴቶች ግን ያ የጥንቱ ዜማ ቀረባቸው። «ምነው፣ ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ እኮ!» አሉ። ከዚያም ነገሩ ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ አባት ሄደና ጭቃ ሹም አውላቸው ዘንድ ደረሰ። እሱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። ማንጠግቦሽም ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆመች።

«የኔታ፣ እናከብርዎታለን» አለ ጭቃ ሹሙ። «ቅኔና ዜማ በጆሮ ይማሩታል፤ ዓይን የሌላቸው ሊቃውንት ሞልተዋል። ፊደል ግን በዓይን ነው። ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ። ሌላ አስተማሪ እንዲያመጣ ሰው ልከናል። ጎጆዋን ይልቀቁ።»

የኔታ እጃቸው የወይራዋን ግንድ ፈልጎ ያዘ።

«እውነትዎን ነው። ደብቄ ነበርና ይቅር በሉኝ። እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ልጆቹን ፊደሉን ጠይቁልኝ።»

ጭቃ ሹሙ ከአንዱ ልጅ ገበታ ነጠቀ። ጉሮሮውን ጠራረገ። እንደ ዳኛ ኮራ ብሎ ያዘውና ጣቱን አንዲት ፊደል ላይ አሳረፈ።

«አንቺ! ይቺ ምንድን ናት?» አለ ድንቄን።

ድንቄ አንገቷን ወዲህ አዘመመች፣ ወዲያ አዘመመች።

«ጭቃ ሹም፣ ዘቅዝቀው ነው የያዙት» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሳል ያዛቸው። ጭቃ ሹሙም፦ «እ... ልፈትንሽ ብዬ ነው!» አለ። ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ የኔታ፦

«አይሳቅም!» አሉ። ተቆጥተው አያውቁም ነበርና ሁሉም ደነገጠ። «ያላየ ሰው አይሳቅበትም፤ ይነገረዋል እንጂ። እኔን ስቃችሁብኛል? ድንቄ፣ ንገሪያቸው።»

ድንቄም ቀረብ ብላ፦ «እንዲህ ተዘቅዝቃ ስትያዝ የቤት በር ትመስላለች። ሲያቃኗት ግን የበሬ ቀንድ ናት፤ ሀ ናት» አለች።

ጭቃ ሹሙ ገበታውን አቃናው። አየ። ከዚያም በቀስታ፦

«ይቺኛዋስ?» አለ።

«እሷ ለ ናት። እግሩን ከፍቶ...» አለችና አፏን ያዘች። ልጆቹ ሁሉ የጭቃ ሹሙን እግር አዩ።

የኔታ ፈጠን ብለው፦ «ሰው ናት! የቆመ ሰው!» አሉ።

ጭቃ ሹም አውላቸው ኩራቱን ትቶ ከልጆቹ መሐል ቁጭ አለ። «እኔ ዜማውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለ። «ከዚሁ ከወይራዋ ሥር ቆጥሬ ጨርሻለሁ ተብሎ ተደግሶልኝ ነበር። ፊደሏን ግን ገና ዛሬ አየኋት።» ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፦ «ያን የላክነውን ሰው መልሱት» አለ። ማንጠግቦሽ ያን ዕለት አፏ ላይ የያዘችውን እልልታ አሁን ለቀቀችው።

እንዲህ ሆኖ የኔታ ከጎጆዋ ሳይወጡ አረጁ። ወይራዋም አብራቸው አረጀች። ማንጠግቦሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጇ ዳዊት ስታነብላት ሰምታ ዐረፈች። ድንቄም አገባች፤ ወለደች። አንድ ማለዳ ልጇን እጁን ይዛ ወደ ወይራዋ መጣች።

«ድንቄ ነሽ? በአረማመድሽ አወቅሁሽ» አሉ የኔታ። «ማንን ይዘሽ መጣሽ?»

«ልጄን ነው የኔታ፤ ፊደል እንዲያስቆጥሩልኝ። ስሙም...»

«ስሙን ቆይ። መልኩን ንገሪኝ።»

ድንቄ ተንበረከከችና የልጇን ፊት አየች። በየቀኑ የምታጥበው፣ በየቀኑ የምትስመው ፊት ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንደ አዲስ አየችው።

«ግንባሩ ሰፊ ነው፤ የእናቴን ይመስላል» አለች። «ከግራ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ጆሮው ወደ ውጭ ቆም ያለ ነው። ሲፈራ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ይኸው አሁንም እየነከሰ ነው።»

የኔታ ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው አየሁት» አሉ። «ና ልጄ፣ አትፍራ። ከጎኔ ተቀመጥና ይቺ መጀመሪያይቱ ምን እንደምትመስል ንገረኝ።»

እኔም የሰማሁትን ይኸው ነገርኋችሁ። ተረቴን ለሰው አውርሱ፣ ለአፌም ከሞቀው ዳቦ ቁረሱ!