ሁለት ቦታ የሚመታ ልብ

አንድ ቃል አለ፤ «ደህና» ይባላል። ትርጉሙ ጤነኛ፣ ሰላም ያለው፣ ምንም ያልጎደለበት ማለት ነው። በአገራችን ግን ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲባል ትርጉሙን ሳያመሳክር ይናገረዋል፤ ትኩሳት ያለበትም፣ የሌለበትም።

አንድ ሊቅ ይህን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ይሰማ ነበር። ሥራው ኢንፌክሽን የሰውን ልብ እንዴት እንደሚጎዳ ማጥናት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ደረት በየቀኑ ተከፍቶ አይታይምና፣ ከሰው ደም ይወስድና የደሙን ሴሎች ገና ምን እንደሚሆኑ ወዳልወሰኑበት ዘመናቸው ይመልሳቸዋል፤ ከዚያም የልብ ሴል አድርጎ ያሳድጋቸዋል። በትንንሽ ሳህኖች ውስጥ ሆነው ይመታሉ። ደሙን የሰጠችው የቤተ ሙከራውን ዕቃ የምታጥበው ይርገዱ ናት።

አንድ ቀን በማጉያ መነጽሩ እንድታይ ጋበዛት። አጎንብሳ ብዙ ቆየች።

«ይሄ የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እሱ ይሥራ፣ እኔ ቁጭ ልበል።»

«ቁጭ ሲሉ ግን አይቼ አላውቅም።»

ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ሊቁ ከአንዱ በቀር ሳህኖቹን ሁሉ በቫይረስ በከለ። ሴሎቹ ለሁለት ቀን ምንም እንዳልነካቸው ሆነው መቱ። በሦስተኛው ቀን ምታቸው ይዛነፍ ጀመር። ከተበከሉት ግማሾቹን በኤሌክትሪክ እየጎነተለ ያስሮጣቸው ነበር፤ እነሱ ቀድመው ሞቱ። እንዲያርፉ የተተዉት አብዛኞቹ ተረፉ። ሊቁ በመዝገቡ ላይ «የተበከለ ልብ ዕረፍት ይሻል» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

በዚያው ሳምንት ይርገዱን ጉንፋን ይዟት ነበር። አሳንሰሩ ስለተበላሸ የታጠበውን ዕቃ በደረጃ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ታወጣለች። ሐሙስ ጠዋት ሊቁ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ምነው? አሞዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ዶክተር። ልቤ ትንሽ ድው ድው አለብኝ እንጂ።»

«ደረጃው ነው፣ አይዞዎት። ቀስ ብለው ይውጡ።»

ሰዓቱን አየ። ሳህኖቹ በየስድስት ሰዓቱ ይታያሉ፤ የቀረው አራት ደቂቃ ነው። አልፏት ወጣ። እሷም ዕቃዋን አንስታ ቀስ ብላ ወጣች።

አርብ አልመጣችም። ቅዳሜ ተቀበረች። የመረመሯት ሐኪሞች ጉንፋኑ ልቧ ውስጥ ገብቶ ነበር አሉ።

ለቅሶ ቤት ታናሽ እህቷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ እርስዎ ዘንድ ነበር የምትውለው። አመመኝ አላለችም?»

«ጠይቄያት ነበር።»

«ምን አለች?»

«ደህና ነኝ አለች።»

እህትየው ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እኛንም እንደዚያው ነው ያለችን» አለች።

ሊቁ የከንፈሯን ቀለም ማየቱን ሊነግራት አልደፈረም።

ሰኞ ቤተ ሙከራው ሲገባ ያልተበከለው ሳህን እየመታ ነበር። ወንበር ስቦ ረፋዱን ሙሉ አየው። የሚመዘግበው ነገር አልነበረውም።

ሳህን ውስጥ ያለ ልብ መናገር ስለማይችል ሰው በዓይኑ አየለት። መናገር የሚችለው ልብ ቃሉ ታምኖ ደረጃ ላይ ታለፈ። ሊቁ የሚያስፈልጋትን ያውቅ ነበር፤ በገዛ እጁ ጽፎ አስምሮበታል። ከመዝገቡ እስከ ደረጃው ያለው መንገድ ግን ራቀው። ስለዚህ ለሰው ሰላምታ ስንሰጥ መልሱን በጆሯችን ብቻ ተቀብለን አንለፍ። እናንተስ፣ ዛሬ «ደህና ነኝ» ያላችሁ ሰው ፊቱ ምን ይል ነበር?

ጥናቱ በሦስተኛው ወር ታተመ። ስለ ሴሎቹ ምንጭ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ከአንዲት ጤነኛ ለጋሽ የተወሰደ።»