በጨሞጋ ዳር የተጣለ ዳስ

ይህችን አባባል ዛሬ ግብዣ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይጠቅሳታል፤ ባሏን ከምትጠብቅ ከአንዲት ሴት ዳስ እንደወጣች የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው።

ሴትዮዋ የውብዳር ትባላለች። ሲራራ ነጋዴ የጨሞጋን ወንዝ ተሻግሮ በሚያርፍበት መስክ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ለመንገደኛ ምግብ ታቀርብ ነበር። ባሏ ልየው ቡና ሊያመጣ ከነጋዴዎች ጋር ወደ እናርያ ከወረደ ሦስት ክረምት አልፏል። "ለመስቀል እመጣለሁ" ብሏት ነበር የሄደው።

እሷም ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ትውላለች። ምግቡን ከእንግዳው ፊት ታኖርና ዓይኗ አቧራ ወደሚነሳበት ይሄዳል። እንግዳ ውሃ ሲጠይቃት ሁለቴ ካልተጠራች አትሰማም። ከነጋዴ ጋር የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ልየው የሚባል ቀይ፣ ረጅም ሰው አላያችሁም?" አላየንም ካሏት ዓይኗን ወደ መንገዱ ትመልሳለች።

እያደር እንግዳው ቀነሰ። ነጋዴው እሷን እያለፈ፣ ከጉብታው ባሻገር ንፍሮ ከምትሸጥ ዘርትሁን ከምትባል አሮጊት ዘንድ ያርፍ ጀመር። የውብዳር የምግቡ ነገር መሰላት። ፍትፍቱ ላይ ቅቤ ጨመረች። ፀሐይ እንዳትመታቸው ዳስ ጣለች፣ ቄጠማ ጎዘጎዘች፣ የሚቀመጡበት አጎዛ አነጠፈች። የመጡት ግን አሁንም ቶሎ ቶሎ ጎርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ይሄዳሉ።

ፍርሃቷ የገበያው ብቻ አልነበረም። ነጋዴው ካልቆመ የልየውን ወሬ ማን ያመጣላታል?

አንድ ቀን ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ምስጢሩን ለማየት ወደ ዘርትሁን ወረደች። ዳስ የለም። መቀመጫው ድንጋይ ነው። አሮጊቷ የባቄላ ንፍሮ በቅል አቀረበችላትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

"ዓይንሽ ደክሟል ልጄ" አለቻት። "እንቅልፍ ነው ወይስ ሐሳብ?"

ልየው ከሄደ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። መልስ ልትሰጥ አፏን ብትከፍት እንባዋ ቀደማት። ዘርትሁን አላባበለቻትም፤ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና ንፍሮውን ወደሷ አስጠጋችላት። የውብዳር ቅሉን ባዶ አደረገችው። ንፍሮው ጨው እንዳልነበረው ትዝ ያላት ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

በማግሥቱ ነጋዴዎች ሲደርሱ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ከእንግዶቹ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ቀላል አልነበረም፤ የበቅሎ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አንገቷ ልዙር ልዙር ይላታል።

"መንገዱ እንዴት ከረመ? እግርዎስ ተሻለዎት?" አለቻቸው እያነከሱ የደረሱትን ሽማግሌ ነጋዴ፣ አባ ውቤን። በልቧ ግን "ልየውም የትም ይሁን፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አይጣ" እያለች ነበር።

አባ ውቤ ስለ እግራቸው፣ ከዚያም መንገድ ላይ ስለሞተችባቸው በቅሎ አወሩላት። እሷ ስታዳምጥ ወጡ አረረ፤ ቅቤውንም ረሳችው። እንግዶቹ ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተነሱም። ሲነሱ ሽማግሌው ቆመው መረቋት።

"አባ ውቤ፣ ያረረ ፍትፍት በልቶ ይህን ሁሉ ምርቃት?" አላቸው አንድ ጎልማሳ ነጋዴ።

ሽማግሌው ወደ የውብዳር መለስ ብለው አዩ። እንግዶቿን ልትሸኝ ቆማ ዓይኗ አሁን ወደ መንገዱ ሄዷል። "ልየው የሚባል ሰው ካገኘሁ፣ ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው እለዋለሁ" አሏት፤ ከዚያም ወደ ጎልማሳው ዞረው "ልጄ፣ ከፍትፍቱ ፊቱ" አሉት።