የሚስቱን ቀሚስ የሚያሰፋው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጓንጉል ነው። ትከሻው የዘመመውን ቀጥ አድርጎ፣ ቦርጫሙን ሸንቃጣ አስመስሎ ከሱቁ ስለሚያስወጣ፣ በሰው አካል ላይ ያለ ችግር ሁሉ በመርፌና በክር የሚስተካከል ይመስለው ነበር። ይህ እምነቱ ለደንበኞቹ በጅቷል፤ ሚስቱን ግን ሊያሳጣው ነበር።

ሚስቱ ስንዱ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት። አንድ ቀን "ቀሚሴ ወገቡ ላይ ጠበበኝ" አለችው። ጓንጉል ደስ አለው። በዚያ ከተማ ሚስት ስትወፍር የሚመሰገነው ባል ነው። "ተመችቶሻል ማለት ነዋ!" ብሎ ወገቡን አሰፋላት። ብዙም ሳይቆይ ቀሚሱ እንደገና ጠበበ፤ እሱም እንደገና አሰፋው። ጎረቤቶቹ "አንተ ሰው፣ ምን እያበላሃት ነው?" እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉት ጀመር።

ስንዱ ግን እህል እምብዛም አትበላም ነበር። ጥቂት ስትጎርስ ሆዷ ጥግብ ይላል። ወቅቱ ጾም ስለነበር የንስሐ አባቷ ይህን አይተው "ጾም ማለት እንዲህ ነው!" ብለው ለሌሎቹ ሴቶች አርአያ አደረጓት። ሴቶቹም ጠመዷት።

ቀጥሎ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባት ጀመር። በርበሬ እየመዘነች ደንበኛዋን አቁማ ትሮጣለች። ይህን ያዩት አማቷ ወይዘሮ አጸደ "አርግዛለች!" አሉ።

"እማማ፣ የወር አበባዬ እኮ ይመጣል" አለች ስንዱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እንዲያውም ጊዜውን እያዛባ ነው፤ ሲመጣም ይበዛብኛል።"

"አንዳንዴ ያጋጥማል።"

"ከእምብርቴ በታች ደግሞ በግራ በኩል ይከብደኛል፤ ያመኛል።"

"በዚያ በኩል ተኝቶ ነዋ! ወንድ ነው።"

"ሐኪም ቤት ሄጄ ብታይስ?"

"ዝም በይ! ሆድሽ ገና ሳይገፋ ሰው ከሰማ የሰው ዓይን ይበላሻል" አሉ ወይዘሮ አጸደ። ይህን ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ሊነግሩ ወጡ።

ሰፈሩ ሥራ በዛበት። ለአራስ ገንፎ የሚሆን እህል ተፈጨ። ክርስትና እናት ማን ትሁን በሚለው ጉዳይ ሁለት ጎረቤታሞች ተኮራረፉ። ጓንጉል ደግሞ ስንዱ ለክርስትናው የምትለብሰውን ቀሚስ ሊሰፋ ጨርቅ ቆረጠ። ሁሉም ስለ ስንዱ ሆድ ያወራል፤ ስንዱ ግን ሆዷን ይዛ ብቻዋን ትፈራለች። የእነሱን ደስታ ማበላሸት ከሕመሙ በላይ ስለከበዳት ዝም አለች።

ቀሚሱ የሚለካበት ቀን ደረሰ። ወገቡ ጠቦ አልዘጋ አለ። ትከሻው ግን ሰፍቶ ወረደ፤ ክንዷም እጅጌው ውስጥ ዋለለ። ጓንጉል ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እንደገና ለካት። በሙያ ዘመኑ እንዲህ ያለ ውፍረት አይቶ አያውቅም።

"ወገብሽ እየሰፋ ትከሻሽ ለምን ይከሳል?" አላት።

"የምትጠይቀኝ ለቀሚሱ ብለህ ነው ወይስ ለእኔ?"

ጓንጉል አፈረ። "ላንቺ" አላት።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። አብረው ሲተኙ እንኳ እንደሚያማት፣ አፍራ ሳትነግረው እንደቆየች ሳይቀር ነገረችው። ጓንጉል መርፌውን ጥሎ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ወይዘሮ አጸደም አልቀሩም።

ሐኪሟ በአልትራሳውንድ ካየቻት በኋላ እርግዝና እንዳልሆነ ተናገረች። ኦቫሪ በሚባለው የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ማለትም ሲስት፣ አድጎ ተገኝቷል። ወይዘሮ አጸደ ግን ተስፋ አልቆረጡም።

"ልጄ፣ እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው፤ ወንድ ነው?"

"ውሃ ነው፣ እማማ" አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወደ ባልና ሚስቱ ዞረች። "አብዛኛው ሲስት ትንሽ ስለሆነ ሳይታወቅ በራሱ ይጠፋል። እንዲህ ሲያድግ ግን ሆድ ይነፋል፣ ቶሎ ያጠግባል፣ ፊኛንም ስለሚጫን ሽንት ያጣድፋል። የነገርሽኝ የሆድ ሕመምና የወር አበባ መዛባትም ከእሱ ሊሆን ይችላል። ከተጠማዘዘ ወይም ከፈነዳ ግን ድንገተኛ ብርቱ ሕመም ይመጣል፤ ሊያስመልስ፣ ራስን ሊያስት ይችላል። ያኔ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ደግነቱ ሳይጠማዘዝ ደረሳችሁ።"

ስንዱ በቀዶ ሕክምና ከረጢቱ ወጣላት፤ እንቁላል ማምረቻዋም ተረፈ። የሰፈሩ ሴቶች የተፈጨው እህል ከሚበላሽ ብለው ገንፎውን አገንፍተው መጡ። የተኮራረፉትም ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። ስንዱም ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና አድርጋ ጎረሰች።

ወዳጄ፣ ስንዱን የከበቧት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሁሉም ይወዷታል። ባሏ እንደ ሙያው፣ የንስሐ አባቷ እንደ ጾሙ፣ አማቷ እንደ ምኞታቸው ሕመሟን ተረጎሙት እንጂ እሷን የሰማ አልነበረም። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ ቀላል ሰበብ አይታጣለትም። ሳይሻል ሲሰነብት ግን ሰበብ መፈለጉን ትቶ መመርመር ይገባል።

እርስዎስ በቤትዎ ያለችውን ሴት "ምን ይሰማሻል?" ብለው የጠየቁት መቼ ነው? ዛሬ ይጠይቋት። ከጠየቁ በኋላ ግን መልሱን እርስዎ አይመልሱላት።