ለባላምባራስ የተሰፋው የሕፃን ካባ

አንድ የቆላ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ግንቦት ላይ የንግሥ በዓል በመጣ ቁጥር ሕፃናት ሁሉ ያለቅሱ ነበር። ጥቂት ልቅሶ እንዳይመስላችሁ። ታቦቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወንዝ ዳር እስኪደርስ የካህናቱ ዜማ በልቅሶ ተውጦ አይሰማም ነበር። ሰዉ ግን ለምዶታል። እንዲያውም ያላለቀሰ ሕፃን ከታየ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይባል ነበር።

የከተማዋ ሹም ባላምባራስ ድልነሳ ይባላሉ። ነገር መመርመር የሚወዱ ሰው ነበሩ። የጉንዳን ሰልፍ ሲያዩ እንኳ ከበቅሏቸው ወርደው ወዴት እንደሚሄድ ይከተላሉ። ስለ ሕፃናቱ ልቅሶ ግን ጠይቀው አያውቁም፤ ልጅ አልነበራቸውማ። በስተርጅና ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ለታቦቱ ተስላ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ትርንጎ አሏት። ስለቱም ልጅቱ ሰባት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በየዓመቱ ታቦቱን እንድትሸኝ ነበር።

ትርንጎ በሁለት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓሉን ወጣች። ከልጆቹ ሁሉ ይበልጥ አለቀሰች፤ ከዚያ ዝም አለች። የከፋው ዝምታዋ ነበር። ቤት ሲያስገቧት ገላዋ እሳት ሆኖ፣ አንገቷ መቆም አቅቶት ነበር። ሦስት ቀን ተኝታ በስንት መከራ ተነሳች።

ዓመቱ ዞሮ በዓሉ ሲቃረብ ባልና ሚስት ተጣሉ። ባላምባራስ «ልጄን ገድዬ አልሸኝም» አሉ። ወይዘሮ የሻረግ «የሰጣትን ጌታ ላስቀይም ነው?» አለች። ሁለቱም የፈሩት ያችኑ አንዲት ልጅ ማጣት ነበር። በመጨረሻ ባላምባራስ «በዓሉ ሳይደርስ ልጆቹ ለምን እንደሚያለቅሱ እደርስበታለሁ» ብለው ተነሡ።

አንድ ደብተራ «ከበሮው እያስደነገጣቸው ነው» አሏቸው። ባላምባራስ ከበሮ አስይዘው በየቤቱ ዞሩ። ልጆቹ ሳቁ፣ እስክስታም ወረዱ። አንዲት ባልቴት «የሰው ብዛት ነው» አሉ። ባላምባራስ ገበያ መሃል ተቀምጠው ሲጠብቁ ዋሉ፤ ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ ሆነው ሰዉን ሲያዩ ውለው ያለቀሰ አንድም አልነበረም። አንዱ ደግሞ «የዘንድሮ ልጅ ቅምጥል ስለሆነ ነው» አለ። ይህን የሚል ሰው በየዘመኑ አይጠፋምና ዝም ብለው አለፉት።

በመጨረሻ ሽማግሎቹ ሁሉ በአንድ ቃል «ብርድ ነው» አሉ። የወንዝ ዳሩ ንፋስ መቷቸው ነው፤ የልጅ ገላ ስስ ነው፤ ይልቅ ልብሷን ደርቡላት አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ልብሱ ልንገራችሁ። የከተማዋ ሰዎች አያት ቅድመ አያቶች የመጡት ውርጭ ከሚጥልበት ተራራ ነው። በተራራው ላይ ሕፃን ለበዓል ሲወጣ ውስጡ ጥጥ የተሞላ፣ እስከ ተረከዝ የሚደርስ የከፋይ ካባ ይለብሳል፤ አንገቱ ላይ በጥብቅ ይታሰራል፤ ከላይ የሱፍ ቆብ ይደፋበታል። ወደ ቆላ ሲወርዱም ይህን ልማድ ይዘው ወረዱ። ድንጋይ በሚያግል ጸሐይ ልጆቻቸውን እንደ ተራራው አድርገው ይጠቀልሉ ነበር።

ካባውን የሚሰፋው አያ ሽበሺ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ባላምባራስ ወደ እሱ ሄዱ። ሽማግሌው ሾላ ጥላ ሥር ሸሚዙን አውልቆ እየሰፋ ነበር።

«አያ ሽበሺ፣ ለትርንጎ ካባ ስፋልኝ። ጥጡ እጥፍ ይሁን።»

«እጥፍ ለምን አስፈለገ ጌታዬ?»

«ብርድ ነው የመታት አሉኝ» አሉ ባላምባራስ፣ የግንባራቸውን ላብ በነጠላቸው እየጠረጉ።

አያ ሽበሺ መርፌውን አስቀመጠ። «ጌታዬ፣ እኔ አርባ ዓመት ይህን ካባ ስሰፋ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን ለብሼ አላየሁትም። እርስዎስ ለብሰውት ያውቃሉ?»

«በሕፃንነቴ ለብሼ ይሆናል።»

«ያስታውሱታል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው ካባው ምን እንደሚመስል የሚያውቁት መናገር የማይችሉት ብቻ ናቸዋ!»

ባላምባራስ ዓይናቸው በራ። ጉንዳን የሚከተል ሰው ይህን እንዴት ያልፋል? «በል ለእኔ ስፋልኝ» አሉ፤ «በእኔው ልክ፣ ልክ እንደ ሕፃን አድርገህ።»

«እሰፋለሁ፤ ግን እንደ ሕፃን ከለበሱ እንደ ሕፃን ነው የሚሄዱት። ማሰሪያውን በእጅዎ አይፈቱም። ቃልም አይናገሩም። ቢከፋዎ ማልቀስ ብቻ ነው የተፈቀደልዎ።»

ካባው በተሰፋ ማግስት እኩለ ቀን ላይ ባላምባራስ ለብሰውት፣ ቆቡን ደፍተው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ ወንዙ ተነሡ። ከተማው ሊያይ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ግርማቸው ደስ ይል ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ከመንገዱ አጋማሽ ሲደርሱ ልባቸው ይደልቅ፣ ጆሯቸው ይጮህ ጀመር። ማሰሪያውን ሊፈቱ እጃቸውን አንሥተው ቃላቸው ትዝ ሲላቸው መለሱት። ያላቸው ብቸኛው መንገድ ስለሆነ «እ... እ...» ብለው አለቀሱ።

አንዱ «ዓይን ነው ያያቸው» አለ። ሌላው «ርቧቸው ይሆናል» ብሎ ዳቦ አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቀ። ወይዘሮ የሻረግ ከሕዝቡ መሃል ሮጣ መጣችና «ሲንቀጠቀጡ አታዩም? ብርድ ነው እንጂ!» ብላ ከአንዱ ሽማግሌ ጋቢ ተቀብላ ደረበችባቸው። ይህን ታሪክ ሲያወሩልኝ በጣም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። ባላምባራስ ከጋቢው ሥር ሆነው የምር አለቀሱ፤ መንገዱ ላይም ቁጭ አሉ።

አያ ሽበሺ ደርሶ ማሰሪያውን ፈታ። ትንሽ ንፋስ አንገታቸውን ስትነካው ነፍሳቸው ተመለሰች። ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ትርንጎ ይህን ሁሉ መንገድ ለብሳው ሄደች?» የሚል ነበር።

ወይዘሮ የሻረግ ግን በቀላሉ አልተረታችም። «እርስዎ አርጅተው ነው እንጂ...» ብላ ጀምራ የወለቀውን ካባ ልታነሣ እጇን በአንገቱ በኩል አስገባች። ውስጡ የተከደነ ድስት ነበር የሚመስለው። እጇን ቶሎ አወጣች። ከዚያ መንገዱ ላይ ዘጭ ብላ «በገዛ እጄ ነው ያሰርኩላት፤ ስታለቅስ አጠበቅሁት» እያለች አለቀሰች። እንዲህ ያለ ጸጸት ለጠላትም አይስጥ።

ባላምባራስ በዚያው ቁጣቸው ካባ የሚያስር ሁሉ ይቀጣል ብለው አዋጅ ሊያስነግሩ ነበር። አያ ሽበሺ ከለከላቸው። «አዋጅ ቢያስነግሩ ደብቀው ያለብሳሉ። ክፋት መቼ አላቸው? የሚያለብሱት ስለሚወዷቸው ነው። ይልቅ ይህን የእርስዎን ካባ ለእኔ ይተዉልኝ።»

በበዓሉ ቀን አያ ሽበሺ ትልቁን ካባ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመ። ልጁን ጠቅልሎ የመጣውን ወላጅ ሁሉ «አንድ ጊዜ አንተ ልበሰውና እስከዚያ ሾላ ድረስ ደርሰህ ተመለስ» ይለዋል። ብዙዎቹ ሾላው ጋ ሳይደርሱ ተመለሱ። ማንም ክርክር አልገጠመም። ተንበርክከው የልጆቻቸውን ማሰሪያ ፈቱ።

ትርንጎም ስስ የጥጥ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ እጅጌው ሰፊ፣ አንገቱ ክፍት ነበር። ራሷ ላይ የሰሌን ባርኔጣ አደረጉላት፤ አባቷ ጥላ ያዙላት፤ እናቷ በየመንገዱ ውኃ ታጎነጫት ነበር። የወንዝ ዳሩ ንፋስ አመሻሽ ላይ ቢነሣ ብላም ነጠላ አጥፋ በዘንቢል ይዛለች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ትርንጎ ድምፅ ስታሰማ ሁለቱም ቆሙ። አባቷ በድንጋጤ ጎንበስ ብለው «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሏት።

ትርንጎ በጣቷ ወደ ፊት እያሳየች ነበር። «አባዬ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ባላምባራስ ቀና ብለው አዩ። መስቀሉ ነበር። በዚያች ከተማ በንግሥ ቀን ሕፃን ሲጠይቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ልጆቻቸውን በዓል ሲያወጡ ኖረው፣ ለካ አንዱም ልጅ በዓሉን አይቶት አያውቅም።

ወዳጆቼ፣ የእነዚያ ሰዎች አያቶች ተራራው ላይ አልተሳሳቱም፤ እዚያ ካባው ነፍስ ያድን ነበር። ወደ ቆላ ሲወርዱ ግን ትልቁ ሰው ሲሞቀው የራሱን አወለቀ። ሕፃኑ ሲሞቀው ማልቀስ ብቻ ነበር የሚችለው፤ ለልቅሶውም ሌላ ምክንያት ሲፈለግለት ኖረ። ለምንወደው ሰው የመረጥንለትን ነገር እኛ ሞክረነው ካላየን፣ ፍቅራችን ራሱ ሊያፍነው ይችላል። እናንተስ፣ መናገር ለማይችል ሰው አስራችሁለት ራሳችሁ ለብሳችሁ ያላያችሁት ምን አለ?