ነጋዴውና የመኪናው ቴፕ

አንድ ብዙነህ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከአባቱ ሰምቶ በልቡ የያዘ ሰው ነው። ሚዛኑን በየማለዳው ይፈትሻል፤ የጆንያውን አፍ ራሱ ብቻ በሚያውቀው አቋጣጠር ይቋጥራል። ሰላም ላለው ሰው እንኳ የሚመልሰው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ ካሰበ በኋላ ነው።

መኪና ሲገዛ ጥርጣሬው ጭራሽ ባሰበት። ከመኪናው ሁሉ የሚወደው ቴፑን ነበር። የቴፑ ፊት ተነቃይ ስለሆነ፣ ሌባ እንዳይጓጓ ብሎ በቆመ ቁጥር ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል። ገበያ ሲገባ ይነቅላል፣ ለቅሶ ሲደርስ ይነቅላል፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ሲወርድ እንኳ ይነቅላል። ይህም አልበቃው ብሎ፣ ዕቃው ቢለወጥ እንዲያውቅ ጎኑ ላይ በሚስማር ምልክት ጭሮበታል።

መኪናውን የሚያውሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለሚስቱ ወንድም ለዳምጠው። ዳምጠው ወገባቸውን የሚያማቸውን እናቱን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው በዚህ መኪና ነው።

አንድ ቀን ዳምጠው መኪናውን መልሶ ቁልፉን አስረከበ። በማግስቱ ብዙነህ ቴፑን ሲከፍት ድምፁ እየተቆራረጠ መጣና እልም ብሎ ጠፋ። የብዙነህ ጥርጣሬ ወዲያው ዳምጠው ላይ አረፈ። ምልክቱን ቢፈልግ እቦታው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረጋ ነበር፤ እሱ ግን «አየህ ተንኮሉን፣ ቅርፊቱን ትቶ ሆዱን ለውጦታል» አለ ለራሱ።

ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄደ። ሰውዬው ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። ሽቦውን ለካ፣ ኤሌክትሪክ ይደርሳል። ስፒከሮቹን በሌላ ቴፕ ሞከረ፣ ይጮኻሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙነህ በሰውዬው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ እጁን ይጠብቃል።

«እንግዲህ ችግሩ ከራሱ ከቴፑ ነው። ልክፈተውና ልየው» አለ ባለሙያው።

«አይከፈትም። የቀረውን ደግሞ አንተ ልታወጣልኝ?» አለ ብዙነህ።

«ጋሼ፣ ሳላየው በሽታውን በምን አውቃለሁ?»

«በሽታውን እኔ አውቀዋለሁ። አዲስ ግጠምልኝ።»

አዲስ ተገጠመ። ብዙነህ አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደና ዳምጠውን አስጠርቶ ሚስቱ ፊት ሌባ አለው። ዳምጠው አልተከራከረም። «አልነካሁትም» አለና ወጣ። ሚስቱ ወንድሟን ሸኝታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ብዙነህ ግን «እሷም ታውቅ ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠረጠራት።

ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ከብዙነህ ኪስ አልወጣም። ሆኖም ዓመት ሳይሞላ አዲሱ ቴፕም ልክ እንደ አሮጌው ድምፁ እየተቆራረጠ ጠፋ። ብዙነህ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚጠረጥረው ሰው ፈለገ፤ አጣ። ግራ ገብቶት የቴፑን ፊት ነቀለና ጀርባውን ገልብጦ አየው። ከቴፑ ጋር የሚያገናኙት ትናንሽ የብረት ጥርሶች ተበልተዋል፣ ግማሾቹም ተጣመዋል። ቤት ገብቶ አሮጌውን ከጋዜጣው ፈታው። ያም በዚያው በኩል፣ አውራ ጣቱ ይዞ በሚስብበት በኩል ተበልቷል። በየደጃፉ ሲነቅልና ሲሰካ የጨረሳቸው ራሱ ነው። ብዙነህ አፈረ፤ አጥብቆ አፈረ።

ቁልፉን ይዞ ወደ ዳምጠው ቤት ገሰገሰ። ሲደርስ ዳምጠው እናቱን ደግፎ ባጃጅ ላይ ሊያወጣቸው ይታገላል። እናትየው ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ።

«ዳምጠው፣ በድዬሃለሁ። ቴፑን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ይቅር በለኝ፤ እንካ ቁልፉን፣ እማማን በመኪናው ውሰዳቸው» አለ።

ዳምጠው ቁልፉን አልተቀበለም።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሽ ብዙነህ። መኪናህን ግን አልነካም። ባጃጅ ቢያንገላታንም ስንወርድ ኪሳችንን አይፈትሽም» አለው።

ባጃጁ ሄደ። ብዙነህ ቁልፉን እንደያዘ እመንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ።

ወዳጆቼ፣ ሌባ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከሌባው ቀድመን ንብረታችንን የምንጨርሰው እኛው በስጋታችን ነን። ቴፕስ ይሁን፣ ቢበላሽ አውጥተው ሌላ ይገጥሙበታል። ያለ ጥፋቱ ሌባ የተባለ ዘመድ ግን ከየት ሱቅ ይገዛል? ይቅር ቢላችሁ እንኳ የድሮው ሰው ሆኖ አይመለስላችሁም። እስቲ እናንተም አስቡት፤ ሳትጠይቁት የፈረዳችሁበት ሰው የለም?